ሁለት ባህሎችን ያስተሳሰረው የስቲቨንሰን ቤት

«ትሬዠር አይላንድ» በተሰኘው ልብ ወለዱ የሚታወቀው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ በ1850 በስኮትላንድ ኤደንብራ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሳንባ ሕመም ይሠቃይ ስለነበር፣ ለጤናው የሚስማማ አየር ፍለጋ ከአገር አገር ሲዘዋወር ቆይቶ እ.ኤ.አ በ1889 ማብቂያ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ሳሞአ ደረሰ።

ከአፒያ ከተማ በላይ በሚገኘው ቫይሊማ መሬት ገዝቶ ያሠራው ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት እ.ኤ.አ በ1891 ለመኖሪያነት በቃ። የቤት ዕቃው ከብሪታኒያ በመርከብ ሲመጣ፣ ከግድግዳዎቹ ከፊሉ ከዛፍ ልጥ በሚዘጋጅ የሳሞአ ባህላዊ ጨርቅ ተሸፈነ። ሙቀት በማይለየው በዚያ ምድር እንደ ትውልድ አገሩ ልማድ የእሳት ምድጃ አሠራ። የቤቱ ሠራተኞች የሆኑ ሳሞአውያንም በበዓላት ቀን ከስኮትላንድ ጨርቅ የተዘጋጀ ባህላዊ ሽርጥ ያገለድሙ ነበር።

ይሁን እንጂ ስቲቨንሰንን ከአገሬው ሕዝብ ጋር ያዛመደው ቤቱ ብቻ አልነበረም። ቋንቋቸውን ተማረ፤ በደሴቶቹ ላይ ይሻኮቱ የነበሩትን የውጭ መንግሥታት ሹማምንት አሠራርም በጽሑፎቹ ነቀፈ። እ.ኤ.አ በ1893 በተካሄደው ጦርነት ተሸንፈው የታሰሩ አለቆችን እየጎበኘ ስንቅ አቀበለ። አለቆቹም በተፈቱ ጊዜ ወደ ቤቱ የሚያደርስ መንገድ በመሥራት ውለታውን መለሱ።

ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 በ44 ዓመቱ በድንገት ሲያርፍ፣ ሳሞአውያን ጥርጊያ መንገድ አውጥተው አስከሬኑን ተሸክመው በቫኤያ ተራራ ጫፍ ቀበሩት። ቤቱም በየተራ የመጡ አስተዳዳሪዎች መኖሪያ ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1994 በስሙ ሙዚየም ሆኗል።