አለቃ ገብረ ሐና

ትምህርቱ ቀድሞ ገብቷችሁ፣ ጓደኞቻችሁ እስኪደርሱባችሁ መጠበቅ አሰልችቷችሁ ያውቃልን? እንግዲያው የአለቃ ገብረ ሐናን ታሪክ ተመልከቱ። እኒህን ሰው የምታውቋቸው በቀልዳቸው ይሆናል፤ ነገር ግን የተከበሩ ሊቅ ነበሩ።

የተወለዱት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በፎገራ ነው። ያደጉበት የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪን በዕድሜ አያሰልፍም። ዳዊት የደገመ ወደ ዜማ፣ ዜማ የዘለቀ ወደ ቅኔ ይሻገራል፤ የመምህሩን ዕውቀት የጨረሰም ሌላ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጣል። በተለይ ቅኔ ቤት ለፈጣን አእምሮ የተመቸ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነ፣ ተማሪው ዘወትር አዲስ መቍጠር ይኖርበታል። የበሰለውም ጀማሪውን ያስተምራል። ታዲያ በዚህ ሥርዐት የት ጊዜ አግኝቶ ይሰለቻል?

ገብረ ሐና ቅኔውንም፣ አቋቋሙንም፣ ፍትሐ ነገሥቱንም በዚህ መንገድ አዳርሰው በጎንደር የበአታ ለማርያም አለቃ ለመሆን በቁ። ሆኖም የተማሩትን ብቻ ሲደግሙ መኖር አልበቃቸውም። የጣናን ሞገድና የደንገሉን መወዛወዝ እያስተዋሉ፣ እንደሚነገረው፣ ለመቋሚያውና ለሰውነቱ እንቅስቃሴ አዲስ ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን ከነባሩ ሥርዐት የወጣ ነው ብለው አልተቀበሏቸውም። እርሳቸውም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መድፍ ካሠሩባት ከጋፋት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው በደብረ ታቦር፣ ተክሌ ደቀ መዛሙርት አፍርቶ ስልቱን አስፋፋው። ዛሬም በደብረ ታቦር ኢየሱስ ይሰጣል፤ ስሙም የተክሌ አቋቋም ይባላል።