ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ

ከኩልፎ ወንዝ ማዶ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ታናሽ ወንድማችሁ፣ ቀን ደኅና ሲያይ ቆይቶ ማታ ማታ በሚያውቀው መንገድ ላይ የሚደናቀፍ ቢሆን፣ ዳፍንት ይዞት እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባችኋል። ዳፍንት ብዙውን ጊዜ ሰውነት ቫይታሚን ኤ ሲያጣ የሚመጣ ሕመም ነው። ሳይታከም ከቆየም የዓይኑ ጥርት ያለ ልባስ ደርቆ ይቆስላል፤ ልጁም እስከ መታወር ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ዓይን ሐኪም ውስጡን የሚመረምርበትን መሣሪያ ያስገኘው ሄልምሆልትዝ የተባለው ሊቅ ነው።

ሄልምሆልትዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1821 በጀርመን አገር፣ በፖትስዳም ከተማ ከአንድ መምህር ተወለደ። ምኞቱ ፊዚክስ ለመማር ነበር። ነገር ግን የቤተሰቡ አቅም ስላልፈቀደ፣ በመንግሥት ወጪ ሕክምና አጥንቶ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ለማገልገል ተገደደ። ቢሆንም ፊዚክስን አልተወም፤ በ1849 በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

በዚያም ሳለ በ1850 ለተማሪዎቹ ትምህርት ሲያዘጋጅ አንድ ጥያቄ ገጠመው። የሰው ብሌን ጥቁር ሆኖ የሚታየን ስለ ምንድን ነው? እናንተም የጓደኛችሁን ዓይን ቀርባችሁ ብትመለከቱ ውስጡ አይታያችሁም። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን በገባበት መንገድ ስለሚመለስ፣ ተመልካቹ በዚያ መንገድ ላይ ሲቆም ብርሃኑን በገዛ ራሱ ይጋርደዋል። ሄልምሆልትዝ ይህን ከተረዳ በኋላ የመነጽር ብርጭቆና ለማይክሮስኮፕ የሚያገለግሉ ስስ ብርጭቆዎችን አጣበቀ፤ የመብራቱን ብርሃን በአጋደለው ብርጭቆ ወደ ዓይን እያንጸባረቀ፣ በዚያው ብርጭቆ ውስጥ አሻግሮ ተመለከተ። የሕያው ሰው ሬቲና ከነደም ሥሮቹ ታየው! ግኝቱንም በ1851 በጽሑፍ አወጣ።

በ1871 በርሊን ውስጥ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሲሆን የልጅነት ምኞቱ ተፈጸመ። በ1894 ሞተ። ቫይታሚን ኤ የታወቀው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1913 ስለ ሆነ፣ መሣሪያው የምግብ ጉድለትን ምልክት እንደሚያሳይ ሄልምሆልትዝ አላወቀም። ሐኪሞች ግን ቫይታሚን ኤ ባጡ አንዳንድ ሕመምተኞች ሬቲና ላይ የተበተኑ ነጫጭ ነጠብጣቦችን በዚሁ መሣሪያ አዩ። ዛሬ ሬቲናን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ካሜራዎችም አሉ።

እርግጥ ነጠብጣቡ በሁሉ ላይ አይታይም፤ የልጁን መደናቀፍ ደግሞ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚያየው ቤተሰቡ ነው። ልጁ ቫይታሚኑን በጊዜ ካገኘ ዳፍንቱ በጥቂት ቀናት ይለቀዋል። ነጠብጣቡ ግን የሚጠፋው ቀስ በቀስ በመሆኑ፣ ሐኪሙ የፊተኛውን ፎቶግራፍ ከኋለኛው ጋር እያስተያየ ይከታተለዋል።