የሐዲዱ መሐንዲስ፦ የአልፍሬድ ኢልግ ሕይወትና ሥራ

የሕዝብን ሥራ የሚመራ ባለሙያ ከሚገጥሙት ፈተናዎች ሁለቱ እጅግ ከባዶች ናቸው። አንደኛው የበጀት አለመጨበጥ ነው፤ ሁለተኛው ከውጭ የሚሰነዘር ነቀፌታ ነው። በአርባ ምንጭ ውሃ የሚስብ ወይም በጋሞ ተራሮች መንገድ የሚያወጣ መሐንዲስ ሁለቱንም በሚገባ ያውቃቸዋል። በአገራችን ሁለቱን በአንድነት ከተሸከሙት ቀደምት መሐንዲሶች አንዱ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ነበሩ።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር ፍራወንፌልድ በተባለ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ከተማሩ በኋላ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መጡ። እንደሚነገረው ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነበር። ኢልግ ትእዛዙን ሳይንቁ ፈጸሙ። ከዚያም በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከተራራ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አደረሱ። ውሃ ሸለቆ ወርዶ ዳገት ይወጣል የሚለው ነገር ለብዙዎች የማይታመን ነበር። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ መሆኑን ለለካ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ክርክሩ ያበቃው በቃል ሳይሆን ውሃው ሲፈስ ነው። በዓይን የታየ ትንሽ ሥራ ለትልቁ ሥራ መተማመኛ ሆነ።

በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለኢልግ የ99 ዓመት ውል ፈቀዱላቸው። መስመሩ በሦስት ክፍል የታሰበ ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቁመው ገንዘብ ፍለጋ አውሮፓን ዞሩ። በ1889 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሟቸው።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ ደረቅ፣ ውሃው ሩቅ ነበር፤ መሬታቸው የተነካባቸው የአካባቢው ሰዎችም ሠራተኞቹን ይወጉ ነበር። የሐረር ዳገት ከአቅም በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ። ከሁሉ የከፋው ግን የገንዘቡ እጥረት ነው። ኩባንያው ከእንግሊዝ ባለሀብቶች ገንዘብ ቢወስድ ፈረንሳዮች ተቆጡ። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ለ50 ዓመት ለመስጠት ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። ገንዘቡ ተገኘ፤ ነገር ግን ባለ አገሩ ምኒልክ አልተጠየቁም ነበር።

በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ድሬ ዳዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ በምርቃቱ ሊደሰቱ አልፈቀዱም፤ ሥራው ወደፊት እንዲቀጥልም አልፈቀዱም። ኢልግ በሁለት ወገን መካከል ቆሙ። ለንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበሩ፤ የውሉም ባለቤት እርሳቸው ነበሩ። ፓሪስ የሚገኙ ባለ አክሲዮኖች፣ የሎንዶን ተቀናቃኞችና የቤተ መንግሥት ሰዎች ሁሉም በየፊናቸው ይወቅሱ ነበር። ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ኢልግም በዚያው ሰሞን ከሥራቸው ተሰናበቱ።

የጉዳቱ ምንጭ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያነሰው ሥራ ባለቤቱ እስካመነው ድረስ ይጠብቃል፤ ከባለቤቱ የተሰወረ ውል ግን የሞላውንም ካዝና ያዘጋል። ኢልግ በውሃው ሥራ ያገኙትን እምነት በባቡሩ ሥራ ሌሎች ሲያባክኑት ሊከላከሉት አልቻሉም፤ ከተጠያቂነቱም ፈጽመው ነጻ አይሆኑም።

ሆኖም የተሠራው አልጠፋም። በእነዚያ የጭንቅ ዓመታት የባቡር ሠራተኞች ከጅቡቲ እስከ ድሬ ዳዋ ያለውን መስመር እያንቀሳቀሱ ቆዩ፤ ሜዳውም በጣቢያውና በወርክሾፑ ዙሪያ ከተማ ሆነ። አዲስ ኩባንያ ሥራውን የቀጠለው በዚያ በቆመው ላይ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኢልግ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ስላረፉ አላዩትም።

ወደ ከፋ ሊሄድ የታሰበው ክፍል ከወረቀት አልወጣም፤ የደቡቡ ምድርም ያለ ሐዲድ ቀረ። ያንን ምድር በመንገድና በውሃ የሚያገለግል ባለሙያ ከኢልግ ሕይወት የሚያገኘው ትምህርት ግን በእጁ ነው፦ በጀት ሲጠፋ የተሠራውን ሳያቋርጡ ማገልገል፣ ነቀፌታ ሲበዛ ሒሳቡን ለባለቤቱ ገልጦ ማሳየት።