ሱፐርኖቫ እና የሐረሩ ራምቦ

የእንግሊዝኛ ጋዜጣና መጽሔት የምታገላብጡ ከሆነ ሱፐርኖቫ የሚለው ቃል ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። በአንድ ጊዜ ዝናው የናኘ ዘፋኝ ሱፐርኖቫ ይባላል። አንድ የውድድር ዘመን ጎል አዝንቦ የጠፋ ተጫዋችም እንደዚያው። እኛ ኮከብ ግብ አግቢ እንደምንለው፣ እነሱ ደግሞ ኮከብ ሲያንሳቸው ሱፐርኖቫ ይላሉ ማለት ነው። ሳይንሱ ግን ቃሉን በዚህ መንገድ አይጠቀምበትም። ልዩነቱን በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ማየት ይቀላል ብዬ ስላሰብኩ አርተር ራምቦን መርጫለሁ። የፊልሙን ራምቦ ሳይሆን የሐረሩን ማለቴ ነው። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንየው። ኖቫ በላቲን አዲስ ማለት ነው። ድሮ ሰማይ ላይ ያልነበረ ብርሃን ሲታይ አዲስ ኮከብ ተወለደ ይባል ነበር። የዴንማርኩ ታይኮ ብራሄም በ1572 ያየውን አዲስ ኮከብ ብሎ ነው የጻፈለት። በኦገስት 1885 ደግሞ አንድሮሜዳ በሚባለው ጋላክሲ ውስጥ ሌላ ታየ። በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ይሠሩ የነበሩት ዋልተር ባዴና ፍሪትዝ ዝዊኪ እንዲህ ያለው ከተራ ኖቫ እጅግ የበለጠ መሆኑን አስረድተው፣ ሱፐር የሚለውን ቃል ጨመሩበት። ታዲያ ልዩነቱ የብርሃን መጠን ብቻ አይደለም። ኖቫ ላይ ላዩን ይፈነዳል እንጂ ኮከቡ ይተርፋል፣ ሊደገምም ይችላል። ሱፐርኖቫ ግን የኮከቡ መጨረሻ ነው። ለሳምንታት የአንድ ጋላክሲ ያህል ሊያበራ ይችላል፣ ከዚያ ያበቃል። በውስጡ የተሠራው ኦክስጅን፣ ካልሲየምና ብረት ግን ወደ ጠፈር ይበተናል። በደማችን ውስጥ ያለው ብረት ሳይቀር ከእንዲህ ዓይነት ኮከቦች የመጣ ነው። ስለዚህ በተለምዶ ቃሉ የሚናገረው ስለ ብልጭታው ሲሆን፣ በሳይንስ ግን ስለ መጨረሻውና ስለሚተርፈው ነገር ነው።

ወደ ሰውየው እንምጣ። ራምቦ በኦክቶበር 20 ቀን 1854 ሻርልቪል በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ወታደር ነበር፣ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። ጥብቅ እናት ናት ያሳደገችው። በትምህርት ቤት በላቲን ግጥም የሚሸለም ልጅ ነበር። የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ ግጥሙ በጃንዋሪ 1870 ሲታተም ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በ1871 ፓሪስ ገብቶ ከገጣሚው ፖል ቬርሌን ጋር ገጠመ። ሁለቱ አብረው ሲዞሩ፣ ሲጠጡና ሲጣሉ ቆይተው፣ በጁላይ 1873 ብራስልስ ላይ ቬርሌን በሽጉጥ የራምቦን የእጅ አንጓ መትቶ ታሰረ። በዚያው ዓመት ራምቦ በገዛ እጁ ያሳተመው ብቸኛ መጽሐፍ ወጣ። አብዛኛው ቅጂ ሳይሸጥ ማተሚያ ቤት ቀርቶ በ1901 ነው የተገኘው። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ግጥም መጻፍ አቆመ። ዕድሜው እኛ ሁለተኛ ዓመት የምንማርበት ዕድሜ መሆኑ ነው! ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተመለሰበትም።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ አለቀ። የሐረር ሰው ግን የሚያውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ራምቦ ነው።

በ1880 ኤደን ወደብ ላይ ባርዴ በተባለ ፈረንሳዊ የንግድ ቤት ተቀጠረ። ከዘይላ ተነስቶ በረሃውን በማቋረጥ በዲሴምበር ወር ሐረር ገባ። ከተማዋ ያኔ ከ1875 ጀምሮ በግብጾች እጅ ነበረች። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እየገዛ ወደ ኤደን ይልክ ነበር። ካሜራ አስመጥቶ በ1883 ሐረር ላይ ራሱንም ሌላውንም ፎቶ አነሳ። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀውን ዘገባ ደግሞ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አተመለት።

በ1885 ግብጾች ሐረርን ለቀው ነበር። ያ የአንድሮሜዳ ብርሃን በታየበት ዓመት ማለት ነው። ራምቦም ባርዴን ትቶ ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ ተነሳ። ታጁራ ላይ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተጉላላ። አንዱ ሸሪኩ ሞተ፣ ሌላውም ሞተ። በ1887 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ሲደርስ የሟች አበዳሪዎች ተሰለፉበት። ምኒልክ ከጨለንቆ ድል ተመልሰው ዋጋውን ቀነሱ፣ ክፍያውንም ሐረር ላይ ከመኮንን፣ ማለትም በኋላ ራስ ከሆኑት፣ እንዲቀበል አዘዙ። ከእንጦጦ ሐረር በአዲስ መንገድ ሄደ። የጉዞውን ታሪክ በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ ለሚታተም ጋዜጣ ጻፈ። እንግዲህ ጋዜጠኝነትንም ሞክሯል ማለት ነው። ከ1888 ጀምሮ ሐረር ላይ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ነገደ።

የሚገርመው ነገር፣ እሱ ሐረር ቡና ሲያስመዝን ፓሪስ ላይ ስሙ ገና መብራት ጀምሮ ነበር። በ1886 ግጥሞቹ በመጽሔት ሲወጡ ሟቹ ራምቦ ተብሎ ተጽፎለታል። የሩቅ ኮከብ ብርሃን ዘግይቶ እንደሚደርስ ማለት ነው።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። በኤፕሪል ወር በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር ወደ ዘይላ አወረዱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ በኖቬምበር 10 ቀን 1891 በሠላሳ ሰባት ዓመቱ አረፈ። ሲሞት ሐረር ለነበረው አገልጋዩ ለጃሚ ገንዘብ እንዲሰጥለት አስቦ ነበር።

ዛሬ ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም፣ እሱ ከሞተ በኋላ በአንድ የህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ራምቦ አልኖረበትም። ውስጡ ያሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች ግን እውነተኛ ናቸው፣ ራሱ ያነሳቸውም አሉበት።

እኔ ከዚህ የምረዳው እንዲህ ነው። ራምቦን ሱፐርኖቫ ማለት ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም በሳይንሱ ትርጉም ይበልጥ ይስማማዋል። ተመልሶ አልበራምና። ነገር ግን በዚያ ትርጉም ከፈነዳ በኋላ ያለው ጨለማ አይደለም፣ ሐረርም የታሪኩ ጨለማ ክፍል አይደለችም። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የመንገድ ዘገባውና የቡናው ሂሳብ ሁሉ ከዚህ የቀሩ ናቸው። ወደፊት ዜና የምንጽፍ ተማሪዎች አንድን ሰው ሱፐርኖቫ ከማለታችን በፊት፣ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ከመብራቱ በኋላ የተረፈውንም ጠይቀን እንጻፍ። አለበለዚያ ዘገባችን ግማሽ ነው።