የአንኮበር ወፎች መዝጋቢ ኦራሲዮ አንቲኖሪ

ማርኬዝ ኦራሲዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1811 በጣልያን አገር በፔሩጃ ከተማ ተወለደ። በ1849 የሮማ ሪፑብሊክ በወደቀ ጊዜ ተሰደደ፤ በስደቱም ዓመታት በቱርክና በሱዳን እየተዘዋወረ ወፎችን ሰበሰበ። በ1876 የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር የላከውን ጉዞ እየመራ ሸዋ ገባ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ከአንኮበር አጠገብ ያለውን ሌት ማረፊያን ለጥናት ጣቢያ ሰጡት። በአደን ላይ እጁ ክፉኛ ቢቆስልም ሥራውን ሳይተው፣ በ1882 እዚያው አርፎ ከሾላ ዛፍ ሥር ተቀበረ።

የጉዞው የሸዋ ወፎች ስብስብ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ገባ፤ ሳልቫዶሪም በ1884 ዝርዝሩን አሳተመ። ዝርዝሩ ግን የተሟላ አልነበረም፤ ዛሬ በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽ ወፍ ለሳይንስ የተገለጸችው ገና በ1979 ነው።

ለሞያ ባልደረቦቻችን ከዚህ ሕይወት የሚተርፈው ቁም ነገር ከዝርዝሩ ባሻገር ያለው ነው። የጽድን፣ የወይራንና የሾላን ፍሬ የሚበሉ ወፎች ዘሩን ከእናት ዛፉ አርቀው ይጥላሉ፤ ሾላም ያለ ጥቃቅን ተርቦቹ ዘር አይቋጥርም። ደኑ በበኩሉ ለወፎቹ ምግብና መጠለያ ይሆናል፤ የገደላገደሉን አፈር ይይዛል፤ ምንጩንም ያቆያል። ዛፉ ሲመነጠር ወፉ ይሸሻል፤ ወፉ ሲሸሽም የተመነጠረው ስፍራ ዘር አምጪ ያጣል። በቤተ መዘክር የተቀመጠ ወፍ ምን እንደነበረ ይመሰክራል፤ ዘር የሚዘራው ግን በወፍ ዋሻ ደን በሕይወት ያለው ነው። ስለዚህ መዝጋቢውን የምናከብረው የመዘገበውን በስፍራው በማቆየት ነው።