ግርሃም ቤል፦ ስሙ በየኮምፒውተሩ የድምፅ ማስተካከያ ላይ የቀረው መምህር

በካርቱምም ሆነ በአዲስ አበባ የመሐመድ ዋርዲን ዜማ በኮምፒውተሩ የሚያዳምጥ ሰው፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ባደረገ ቁጥር ሳያስበው የአንድ ስኮትላንዳዊ መምህር ስም ይነካል። በብዙ የድምፅ ማስተካከያዎች ላይ የሚነበበው ዴሲቤል የተሰየመው በአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው።

ቤል በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መጋቢት 3/1847 በኤደንብራ ተወለደ። አባቱ የንግግር መምህር፣ እናቱ ደግሞ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። እናቱ እሱ ገና ልጅ ሳለ የመስማት ችሎታቸው እየደከመ ሄደ። ልጁም ወደ ግንባራቸው ተጠግቶ በወፍራም ድምፅ በመናገር ንዝረቱ እንዲሰማቸው ያደርግ ነበር።

ሁለት ወንድሞቹን የሳንባ ነቀርሳ ከነጠቀው በኋላ ቤተሰቡ በ1870 ወደ ካናዳ ተሰደደ። በቀጣዩ ዓመት ቤል ቦስተን ውስጥ መስማት የተሳናቸውን ማስተማር ጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ በአምስት ዓመቷ በሕመም ሳቢያ መስማት የተሳናት ሜብል ሀባርድ፣ በ1877 የትዳር አጋሩ ሆነች።

ከጋብቻው አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ መጋቢት 7/1876 ቤል የስልክ ፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ኤሊሻ ግሬይ የተባለ ሌላ ፈልሳፊም በዚያው ማመልከቻው በገባበት ዕለት ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበርና ውዝግቡ ለዓመታት ዘለቀ። በ1888 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለቤል ፈረደ።

ውርሱ ግን ያለ ነቀፋ አልቀረም። ቤል በምልክት ቋንቋ ማስተማርን ይቃወም ነበር፤ በ1883 ባቀረበው ጽሑፍም መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ መጋባታቸው ያሰጋል ሲል ተከራከረ። በዚህ አቋሙ ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ይወቅሱታል።

ነሐሴ 2/1922 በካናዳ ሲያርፍ፣ በቀብሩ ሰዓት የሰሜን አሜሪካ ስልኮች ለአንድ ደቂቃ ጸጥ አሉ።

ዴሲቤል የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። የስልክ መሐንዲሶች ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚደክም የሚለኩበት መስፈርት ያሻቸው ነበር። በ1920ዎቹ ያበጁትን መለኪያ በቤል ስም ሰየሙት፤ ዴሲቤል የዚህ አንድ አሥረኛ ነው።

መለኪያው የሚናገረው ስለ መጠን ሳይሆን ስለ ንጽጽር ነው። የድምፅ ኃይል በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ለጆሮ ግን በግማሽ ገደማ የቀነሰ ይመስላል።

በኮምፒውተር ላይ ዜሮ ዴሲቤል ዝምታ ማለት ያልሆነውም ለዚህ ነው። ዜሮ ምንም ያልተቀነሰለት ሙሉ ድምፅ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያሉት ቁጥሮች ኔጌቲቭ ናቸው። ኔጌቲቭ 6 ላይ የሞገዱ ቁመት በግማሽ፣ ኔጌቲቭ 20 ላይ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በመቶኛ የሚነበበው 50ም የግድ ግማሽ ድምፅ አይደለም፤ ምን ያህል ዴሲቤል እንደሚቀንስ የሚወስነው የፕሮግራሙ ሠሪ ነው።

ይህ ቁጥር ጆሮ ላይ የሚደርሰውን ድምፅ አይናገርም፤ እሱ በድምፅ ማጉያው ወይም በጆሮ ማዳመጫው ይወሰናል። ለጆሮ የሚሰላው ዴሲቤል የሚነሣው ሰው ሊሰማው ከሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ ነው። በዚህ ስሌት የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤልን ግን እስከ 4 ሰዓት ብቻ ማዳመጥን ይመክራል። 10 ዴሲቤል መጨመር ለጆሮ እጥፍ ያህል ቢመስልም፣ የሚሸከመው ጉልበት ግን አሥር እጥፍ ነው።