እንግዶች ሰባኪዎችን የተቀበለችው ልድያ

በዛሬው ትምህርታችን ወንጌልን ሊያስተምሩ ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶችን በቤቷ የተቀበለችውን የልድያን ታሪክ እንማራለን። ታሪኳ የሚገኘው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ነው። በጥሞና ተከታተሉ።

ልድያ የመጣችው ከትያጥሮን ነው። ትያጥሮን ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ውስጥ የነበረች፣ ጨርቅ በማቅለም ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ልድያ ግን በመቄዶንያ በምትገኘው በፊልጵስዩስ ከተማ ትኖር ነበር። የዚህች ከተማ ፍርስራሽ ዛሬ በሰሜን ግሪክ ይገኛል። ልድያ ቀይ ሐር ትሸጥ ነበር። ይህ ልብስ ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ነበረ የሚለብሱት ነገሥታት፣ መኳንንትና ባለጸጎች ነበሩ። ልድያ ንግድ ቢኖርባትም እግዚአብሔርን አትረሳም ነበር። በሰንበት ቀን ከሌሎች ሴቶች ጋር ከከተማው በር ውጭ፣ በወንዝ ዳር ተሰብስባ ትጸልይ ነበር።

በ50 ዓ.ም. ገደማ ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሳለ፣ አንድ የመቄዶንያ ሰው መጥቶ እንዲረዳቸው ሲለምነው ሌሊት በራእይ አየ። ስለዚህ ከሲላስ፣ ከጢሞቴዎስና ከሉቃስ ጋር በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ፊልጵስዩስ መጣ። በሰንበት ቀን እንግዶቹ ወደ ወንዙ ዳር ወርደው ተቀመጡና ሴቶቹን አስተማሩ።

ልድያ በጸጥታ አዳመጠች፤ እግዚአብሔርም ልቧን ከፈተላት። ከቤተሰቧም ጋር ተጠመቀች። ከዚያም እንግዶቹ በቤቷ እንዲያርፉ አጥብቃ ለመነቻቸው። እሺ እስኪሉም ድረስ አልተወቻቸውም።

ከዚህ በኋላ ግን ችግር መጣ። በከተማው በጥንቆላ መንፈስ የተያዘች አንዲት አገልጋይ ነበረች። ጌቶቿ በእርሷ ጥንቆላ ብዙ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም መንፈሱን ባስወጣላት ጊዜ ጥቅማቸው ስለ ቀረባቸው ተቆጡ። ጳውሎስንና ሲላስን ጎትተው ወደ ገዢዎቹ አቀረቧቸው። ሁለቱም በሕዝብ ፊት ልብሳቸው ተገፎ በበትር ተደበደቡ፤ ወደ ወኅኒም ተጣሉ። በእኩለ ሌሊት ሲጸልዩና ሲዘምሩ ምድር ተናወጠች፤ የወኅኒውም በሮች ተከፈቱ። የወኅኒው ጠባቂም አምኖ ከቤተሰቡ ጋር ተጠመቀ። በነጋም ጊዜ ገዢዎቹ ሐዋርያት ከከተማው እንዲወጡ ለመኗቸው።

ከወኅኒ እንደ ወጡ ወዴት የሄዱ ይመስላችኋል? ወደ ልድያ ቤት ነው!

ልጆች፣ እስኪ አስቡት። ልድያ ነጋዴ ናት። በሕዝብ ፊት የተደበደቡ ሰዎችን ብትቀበል የከተማው ሰው ሊጠላት፣ ደንበኞቿም ሊሸሿት ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ በሯን አልዘጋችባቸውም። ሐዋርያትም በቤቷ ምእመናንን አጽናንተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በፊልጵስዩስ የተጀመረችው ቤተ ክርስቲያንም ቅዱስ ጳውሎስን አልረሳችም። በተሰሎንቄ ሲያስተምር ከአንድ ጊዜ በላይ ርዳታ ላከችለት። እርሱም በኋላ በእስር ሳለ ለእነርሱ መልእክት ጻፈላቸው። ይህም የፊልጵስዩስ መልእክት ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልድያን ቅድስት ብላ ታከብራታለች። በፊልጵስዩስ አቅራቢያ ባለው ወንዝ ዳርም በስሟ የተሠራ የጥምቀት ስፍራ አለ።

ልጆች፣ እናንተስ ከሌላ አጥቢያ መምህር ሲመጣ እንዴት ትቀበሉታላችሁ? እንግዳ መቀበል መዝሙር በመዘመር ብቻ አያበቃም። በሰዓቱ ተገኙ፤ ሲያስተምር አትንሾካሾኩ፤ ያልገባችሁን በትሕትና ጠይቁ። አነጋገሩ ወይም አለባበሱ ከለመዳችሁት ቢለይ አትሳቁበት። አባቶቻችንና እናቶቻችን መንገድ የደከመውን እንግዳ እግሩን ያጥቡት ነበር። እናንተም ውኃ አቅርቡለት፤ ሲሄድም ሸኙት። መምህራችሁ ቢታመም ወይም ቢቸገር እንደ ልድያ አትራቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

የክለሳ ጥያቄዎች
1. የልድያ ሥራ ምን ነበር?
2. ልድያ የእግዚአብሔርን ቃል የሰማችው የት ነው?
3. ጳውሎስና ሲላስ ለምን ታሰሩ?
4. ሐዋርያት ከወኅኒ ሲወጡ ልድያ በሯን ብትዘጋባቸው ኖሮ ምን ይሰማቸው ነበር? ተወያዩ።